ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ቁጥሮች እዪ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂዋ ሐዋሳ የምትኖር የማስተርስ ተማሪ ናት። ያገለገለ ኤችፒ ፕሮቡክ፣ ኮር አይ5 ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ገዝታ እየሠራችበት ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ አይቆይላትም። የጥገና ሱቅ ስትወስደው «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው» ተብላለች። ጓደኛዋ ደግሞ «ሁልጊዜ ሰክተሽ ስለምትሠሪ ነው የተበላሸው፤ እስከ ዜሮ እያወረድሽ ቻርጅ አድርጊው» ትላታለች። የምትጠቀመው ክሮም፣ ዎርድ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ትንተና ፕሮግራምና ቴሌግራምን ነው። ኢንተርኔት የምታገኘው ከስልኳ በሆትስፖት ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ ስልኳንም ከላፕቶፑ ላይ ትሰካዋለች። የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አያይዛ «ማንን ልስማ?» ብላለች።

መልስ፦

ሪፖርቱን አብረሽ መላክሽ ግማሹን ሥራ አቃለለልኝ። ብዙ ሰው «ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል» ብሎ ይጽፍና ምንም ቁጥር አይልክም፤ መላሹም ከመገመት ውጪ አማራጭ የለውም። ሌሎች አንባቢዎች ሪፖርቱን ማውጣት ከፈለጉ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍተው በላቲን ፊደል «ፓወር» የሚለውን ቃልና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት አያይዘው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ይተዉና ወደ ቀኝ ያዘመመውን ስላሽ፣ ከስላሹም ጋር ሳይነጣጥሉ «ባተሪ ሪፖርት» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ አንድ ቃል ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ እዚያው ይነገራቸዋል፤ በብሮውዘር ይከፈታል።

ከሪፖርትሽ ላይ ያየሁት እነሆ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም 45,045 ሚሊዋት-ሰዓት፣ ማለትም 45 ዋት-ሰዓት ነው፤ ዋት-ሰዓት ባትሪው የሚይዘውን የኃይል መጠን ይለካል። ዛሬ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን የሚይዘው 27.3 ዋት-ሰዓት ነው። 412 ዙር ቻርጅ ተደርጓል። አቅሙ ወደ 61 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ያረጀ ባትሪ ነው፤ የሞተ ግን አይደለም።

ባለሱቁ ያላየው፣ ወይም አይቶ ያልነገረሽ፣ ከታች ያለውን ሠንጠረዥ ነው። አጠቃቀምሽን በሚዘረዝረው ክፍል ላይ በአንደኛው ቀን በ52 ደቂቃ ውስጥ 14,200 ሚሊዋት-ሰዓት እንደወጣ ተመዝግቧል። 14.2 ዋት-ሰዓትን ለ52 ደቂቃ፣ ማለትም ለ0.87 ሰዓት፣ ስታካፍዪው 16.4 ዋት ይመጣል፤ ዋት ላፕቶፑ ኃይል የሚበላበት ፍጥነት ነው። በሌላ መንገድም አረጋግጪው፦ 27.3ን ለ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካፍዪው፣ ያው 16 ዋት ገደማ ነው። ዎርድ ላይ ለሚጽፍና ጥቂት ገጽ ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ይሄ በጣም ብዙ ነው። የአንቺ ዓይነት ላፕቶፕ እንዲህ ባለ ቀላል ሥራ ላይ 7 ወይም 8 ዋት ቢወስድ ነው የሚጠበቀው።

ሁለቱ ቁጥሮች እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ የባትሪው አቅምና የላፕቶፑ ፍጆታ። ሮቶው ትንሽ ከመሆኑም በላይ ቧንቧው ክፍት ቀርቷል ማለት ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ምንም ሴቲንግ ሳትነኪ አዲስ ባትሪ ብትገዢ፣ 45 ለ16.4 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሰጥሻል። ባትሪውን ሳትቀይሪ ፍጆታውን ወደ 8 ዋት ብታወርጂው ግን፣ 27.3 ለ8 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ታገኛለሽ። አንድ ብር ሳታወጪ ከአዲሱ ባትሪ የተሻለ ውጤት ነው። ሁለቱንም ስታደርጊ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ባለሱቁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ቅደም ተከተሉን ነው ያዘበራረቀው።

ከሁሉም በፊት ስልኩን እንንቀለው። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው እሱ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ስልክ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከላፕቶፑ ወደ ስልኩ ሲተላለፍ በሙቀት የሚባክነውን ጨምሪበትና፣ ስልኩን ከባዶ እስከ ሙሉ ስትሞዪው ካለሽ 27.3 ውስጥ ከ20 በላይ ሊወስድብሽ ነው። ግማሽ ብትሞዪው እንኳ፣ በ8 ዋት ሲሰላ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሥራ ሄደብሽ። ሆትስፖት የተከፈተበት ስልክ ደግሞ ራሱ እየበላ ስለሆነ፣ የምትሰጪውን እየዋጠ ሙሉ ለመሆን ይዘገያል። ለስልክሽ ፓወርባንክ ያዢለት። 10,000 የሚለው ፓወርባንክ በውስጡ 37 ዋት-ሰዓት አለው፤ ካሁኑ የላፕቶፕሽ ባትሪ ይበልጣል። የኢንተርኔት ግንኙነቱንም በዩኤስቢ ገመድ ሳይሆን በዋይፋይ አድርጊው፤ ገመድ ስትሰኪ ስልኩ ኢንተርኔት እየሰጠሽ በሌላ በኩል ኃይል ይስባል።

እግረ መንገድሽን ዊንዶውስ ያንን የሆትስፖት ኔትወርክ «ሚተርድ ኮኔክሽን»፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠርበት ግንኙነት፣ ብሎ እንዲይዘው አድርጊ። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የስልክሽን ኔትወርክ ባሕርያት ስትከፍቺ ታገኚዋለሽ። ይህን ስታበሪ አብዛኛው የዊንዶውስ አፕዴት ዳውንሎድ ይቆማል፣ ፋይልሽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭም መጫኑን ያቆማል። ብዙ ሰው ለፓኬጅ ቁጠባ ብሎ ያበራዋል፤ ባትሪም የሚቆጥብ መሆኑን ልብ አይለውም። አፕዴት ሲወርድና ሲጫን ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ዋይፋዩም አብረው ነው የሚሠሩት። ያ ደግሞ የሚሆነው፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ መብራት የጠፋ ቀን ነው።

ቀጥሎ ስክሪኑ። በቀላል ሥራ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። ማታ ክፍል ውስጥ 100 በመቶ ብርሃን አያስፈልግሽም፤ 35 ወይም 40 ላይ አድርጊው። ጥቁር ገጽታ፣ ዳርክ ሞድ የሚሉት፣ ባትሪ ይቆጥባል የሚል ወሬ ሰምተሽ ከሆነ አንቺ ጋ አይሠራም። የአንቺ ስክሪን ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላው ያለው መብራት ጽሑፉ ጥቁር ሆነ ነጭ ሆነ እኩል ይበራል። ልዩነት የሚያመጣው ኦሌድ ስክሪን ባላቸው ስልኮችና ውድ ላፕቶፖች ላይ ነው። ለዓይንሽ ከተመቸሽ ተጠቀሚው፣ ለባትሪ ብለሽ ግን አትቸገሪ።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከ16 ዋት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ይመስለኛል። የስምንተኛ ጀነሬሽን አይ5፣ ለምሳሌ 8265ዩ፣ የመነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። ሥራ ሲመጣበት «ተርቦ» በሚሉት ዘዴ እስከ 3.9 ይወጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁም አብሮ ስለሚጨምር ፍጆታው ከፍጥነቱ በላይ ይዘላል። አንድ ከባድ ገጽ በከፈትሽ ቁጥር ወደ ላይ ይወረወራል፣ ፋኑም ይጮሃል። ተሰክተሽ ስትሠሪ ጥሩ ነው፤ በባትሪ ላይ ግን ለአንድ ገጽ ግማሽ ሰከንድ ለማትረፍ የምትከፍዪው ዋጋ አያዋጣም።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። ቀላሉ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ኤንድ ባተሪ ውስጥ ገብተሽ ፓወር ሞድ የሚለውን በባትሪ ጊዜ «ቤስት ፓወር ኢፊሸንሲ» ላይ ማድረግ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የኢነርጂ ሴቨር ማብሪያ 20 ወይም 30 በመቶ እስኪደርስ አትጠብቂው፤ መብራት ሲሄድ ወዲያው እንዲበራ አድርጊው። ሊያልቅ ሲል መቆጠብ ብዙም አያተርፍም። ጠንከር ያለው ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፕላኑ ሴቲንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሴቲንግ ስትከፍቺ «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» የሚል ታያለሽ። እዚያ ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን፣ በባትሪ በሚለው ረድፍ ብቻ፣ ከ100 ወደ 99 ቀይሪው። አንድ በመቶ ብቻ መቀነስ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን 99 ማለት ለኢንቴል ፕሮሰሰር «ተርቦ አትጠቀም» ማለት ነው። ፋኑ ጸጥ ሲል ወዲያው ይታወቅሻል። የኤስፒኤስኤስ ትንተናሽ ትንሽ ይዘገያል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ያህል ዳታ ላይ ግን የምታጪው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ከፕሮግራሞቹ ውስጥ ክሮምን ብቻ ልጥቀስ። ሠላሳ ታብ ከፍቶ የመሥራት ልማድ የተመራማሪ ሁሉ በሽታ ስለሆነ ዝጊ አልልሽም፣ አትዘጊምና። ሴቲንጉ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚል ክፍል አለ፤ ሜሞሪ ሴቨርንና ኢነርጂ ሴቨርን አብሪያቸው። የማትመለከቻቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል። ቪዲዮ እየሄደ የተረሳ ታብና ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ የሞላባቸው የዜና ገጾች ግን ራስሽ መዝጋት ያለብሽ ናቸው። ሌላውን በላተኛ ለማግኘት ታስክ ማናጀርን ክፈቺና «ፓወር ዩሴጅ» የሚለውን አምድ ተመልከቺ። ስሙን የማታውቂው ነገር ላይ «ቬሪ ሃይ» ካየሽ ችግሩ እሱ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቀድሞው ባለቤት ወይም ሻጩ የጫነው ሁለተኛ አንቲቫይረስ ነው። ዊንዶውስ የራሱ አለው፤ ሁለት አያስፈልግሽም።

እነዚህን አድርገሽ ስትጨርሺ ባትሪውን ሙሉ አድርገሽ ንቀዪና እንደወትሮሽ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥሪ። ከዚያ ሪፖርቱን እንደገና አውጪ፣ ያቺን የማካፈል ሒሳብ ድገሚያት። ከ10 ዋት በታች ካየሽ ተሳክቶልሻል። ከ13 በላይ ከቀረ ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ የታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። እስከ ዜሮ ማውረድ የሚባለው ነገር ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ድሮ በነበሩት የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ላይ፣ ሳይጨርሱ ደጋግሞ መሙላት አቅማቸውን ይቀንሰዋል ይባል ነበር፤ ምክሩ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ላፕቶፕሽ ውስጥ ያለው ግን ሊቲየም አዮን ነው፣ ሶኒ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያ ላይ ያወጣው ዓይነት። እሱ ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ባዶ መሆን ይጎዳዋል። 30 ወይም 40 በመቶ ላይ መሰካት ምንም ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ይሻለዋል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ላፕቶፑ 25 በመቶ እያለ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ መለኪያው ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ሙሉ አድርጎ እስኪጠፋ መጠቀምና እንደገና መሙላት መለኪያውን ያስተካክለዋል። ቁጥሩን ነው የሚያስተካክለው፤ የሄደውን አቅም አይመልስም።

ሁልጊዜ ተሰክቶ መቆየትስ? ባትሪው ሞልቶ ሲያበቃ መሙላቱ ይቆማል፣ ላፕቶፑም የሚሠራው በቀጥታ ከቻርጀሩ ነው። «ከልክ በላይ ይሞላል» የሚባለው አይሆንም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሳል፤ በዚያ ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሙቀት ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ መቆየት ነው ኬሚካሉን የሚያስረጀው። በተለምዶ የሚጠቀሰው ልኬት፣ በ25 ዲግሪ ሙሉ ሆኖ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 20 በመቶ ገደማ ሲያጣ፣ 40 በመቶ ላይ የተቀመጠው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ያጣል የሚል ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ሙሉው 35 በመቶ ያህል ያጣል። ላፕቶፕን ፍራሽ ወይም ጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት ከመሰካቱ በላይ የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ የአየር መግቢያው ከታች ነው ያለው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚሠራ ሰው ይህን ከሐዋሳ ሰው ሁለት እጥፍ ያስብበት።

ለዚህ ነው አምራቾቹ ቻርጁን 80 በመቶ አካባቢ የሚያቆም ገደብ ያበጁት። አንቺ ጋ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ10ን ተጭነሽ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስትገቢ፣ በፓወር ማኔጅመንት ሥር «ባተሪ ሄልዝ ማናጀር» የሚል ይኖራል። ሌኖቮ ያለው ሰው ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድን፣ አሱስ ያለው ማይአሱስ ውስጥ፣ ዴል ያለው ኤፍ2ን ተጭኖ ባዮስ ውስጥ ያገኘዋል።

ሁሉም ሰው «80 ላይ አድርጊው» ይልሻል። እኔ ለአንቺ አሁን አልልሽም። ገደቡ የሚጠቅመው ገና አቅም ያለውን ባትሪ ከማርጀት ለማዘግየት ነው። የአንቺ 61 በመቶ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ ላይ 80 በመቶውን ብቻ ስትጠቀሚ የሚቀርሽ 22 ዋት-ሰዓት የማይሞላ ነው። በ8 ዋት ስትሠሪ 40 ደቂቃ ያህል ታጫለሽ። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ቦታ ያቺ 40 ደቂቃ ባትሪውን በጥቂት ወራት ከማቆየት ትበልጥብኛለች። ያረጀውን ሙሉ አድርገሽ ተጠቀሚበት። ገደቡን የምታበሪው አዲስ ባትሪ የገባ ቀን ነው። ያኔም ቢሆን የመብራት ፈረቃ ያለበት ሳምንት ላይ ታነሺዋለሽ።

ስለ መብራት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ስለሚቀበል መብራቱ ቢደክምም ብዙም አይቸገርም። የሚገድለው ሄዶ ሲመለስ ድንገት የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀዪው፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ርካሽ ዲቫይደር ላይ «ሰርጅ»፣ ማለትም ከእንዲህ ያለ ድንገተኛ ቮልቴጅ ይከላከላል፣ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትመኚው።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ስሊፕ ማለት መጥፋት አይደለም፤ አንዳንዱ ማሽን ቦርሳ ውስጥ ነቅቶ አፕዴት ይፈልጋል፣ ስታወጪው ትኩስ ሆኖ ባትሪው ግማሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በባትሪ ጊዜ ክዳን ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ፣ ማለትም ሥራሽን ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ፣ አስተካክዪው። ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል፤ ሥራሽ ግን ባለበት ይጠብቅሻል።

ባትሪውን መግዛትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ 61 በመቶ ላይ ያለ ነገር ወደፊት ነው የሚወርደው። ስትገዢ የሚሊአምፒሩን ቁጥር ተዪና ዋት-ሰዓቱን እዪ፤ ከዋናው 45 በብዙ በልጦ እዚያው መጠን ውስጥ ገብቷል የሚል ጽሑፍ ካየሽ ተጠራጠሪ። ሊቲየም ሳይነካም መደርደሪያ ላይ ያረጃል፣ ስለዚህ የተመረተበትን ቀን ፈልጊ። ከሁሉ በላይ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገጥመሽ ሙሉ ቻርጅ አስደርጊውና ሪፖርቱን አውጪ። የዛሬው አቅም ከተሠራበት አቅም ጋር መቀራረብ አለበት፣ የዙሩም ቁጥር ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ። ሻጩ «ይሄን ማየት አያስፈልግም» ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

እስከዚያው ግን ታች ያለው ክዳን ማበጥ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ መነሳት ከጀመረ፣ ይህ ሁሉ ምክር ይቆማል። ያበጠ ባትሪ በዚያው ቀን ይነቀላል፤ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫኑትም፣ አይወጉትም። ላፕቶፑ ያለ ባትሪ በቻርጀሩ ብቻ ሊሠራልሽ ይችላል፤ ጽሑፍሽን ግን በየደቂቃው ሴቭ አድርጊ።